የኮራል ሪፍ አጥኚዎች ደሴት ላይ ወጥተው አይጥና ወፍ የሚቆጥሩት ለምንድነው?

ጠያቂዋ_ቢ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ባዮሎጂ ተማሪ ነኝ፣ ለሴሚናር የደረሰኝ ርዕስ የኮራል ሪፍ (ኮራል የሚባሉ ጥቃቅን የባህር እንስሳት የሰሩት ድንጋያማ ክምር) ዓሣዎች ነው፣ ዓሣ ብቻ አነባለሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር የገባሁበት፣ አሁን ግን የማገኘው ፔፐር ሁሉ ግማሹ ስለ ባህር ወፍ፣ ስለ አይጥ፣ ስለ ቁጥቋጦ ቅጠል ናይትሮጅን ምናምን ሆነብኝ። በተለይ ህንድ ውቅያኖስ መሀል ቻጎስ በሚባሉት ደሴቶች ላይ ተሰርቶ 2018 ላይ የወጣውን ሁሉም ሰው ይጠቅሰዋል። ሳነበው ቁጥሩ ይገባኛል፣ ነገሩ ግን አልገጣጠም አለኝ።

አይጥ የየብስ እንስሳ ነው፣ ውሃ ውስጥ ካለ ዓሣ ጋር ምን አገናኘው? ሁለተኛ ናይትሮጅኑ ከወፍ ኩስ ነው የመጣው ይላሉ፣ በምን አወቁ? ናይትሮጅን እኮ ናይትሮጅን ነው፣ ስም አልተጻፈበትም። ሌላው በጣም ግራ ያጋባኝ ደግሞ አንዳንድ ደሴት ላይ ለተፈጥሮ ጥበቃ ተብሎ ኮኮናት እየተቆረጠ ነው አሉ፣ ደሴት ሲባል መጀመሪያ ዓይኔ ላይ የሚመጣው ኮኮናት ነው እኮ፣ ዛፍ እየቆረጡ ጥበቃ እንዴት ነው? እባካችሁ በቃላችሁ አስረዱኝ፣ ሊንክ አትወርውሩልኝ ሊንክስ ሞልቶኛል።

ጨው_ውሃ፦

እህቴ ጥያቄሽ ደስ ይላል፣ ብዙ ሰው ቁጥሩን ብቻ ገልብጦ ነው የሚያልፈው።

መጀመሪያ ከአእምሮሽ ማውጣት ያለብሽ ሞቃታማ ውቅያኖስ ለም ነው የሚለውን ሀሳብ ነው። ፎቶ ላይ የምታይው ኩልል ያለ ሰማያዊ ውሃ እንደዛ የጠራው ውስጡ ምንም ስለሌለ ነው፣ ፕላንክተን (ውሃ ላይ የሚንሳፈፍ ደቃቅ ሕይወት) የሚያድግበት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ የለውም። ላይኛው ውሃ ሞቅ ስለሚልና ስለሚቀል ከታች ካለው ቀዝቃዛና ለም ውሃ ጋር እንደልብ አይደባለቅም። ስለዚህ እዛ መሀል ላይ የተቀመጠ ሪፍ ምግብ ከየትም ይምጣለት ይፈልገዋል፣ ትንሽ ነገር ብትጨመርለት ለውጧ ወዲያው ይታያል።

ወፉ እዚህ ጋ ነው የሚገባው። ቡቢ፣ ተርን፣ ፍሪጌት የሚባሉት የባህር ወፎች ዓሣና ስኩዊድ ፍለጋ ከደሴቱ ርቀው ይሄዳሉ፣ አንዳንዱ በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎሜትር በርሮ ነው የሚመለሰው። የሚያድሩትም የሚፈለፍሉትም ደሴቱ ላይ ስለሆነ ኩሳቸውን እዛው ይጥሉታል። ሰፊ ባህር ላይ ተበታትኖ የነበረውን ናይትሮጅን ለቅመው አንዲት ትንሽ መሬት ላይ ከመሩት ማለት ነው። ከዛ ዝናብ ያጥበዋል፣ ማዕበል ይወስደዋል፣ ዞሮ ዞሮ ሪፉ ላይ ይደርሳል።

አይጡ ደግሞ በመርከብ ነው የገባው፣ ቻጎስ ላይ ከ1700ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ። እነዚህ ወፎች የሚያድን እንስሳ በሌለበት ስለኖሩ ብዙዎቹ እንቁላላቸውን መሬት ላይ ወይ ጉድጓድ ውስጥ ጥለው ዝም ነው፣ መከላከል ብሎ ነገር አያውቁም። አይጥ እንቁላሉንም ጫጩቱንም ጠራርጎ ይበላል። ወፍ የለም ማለት ኩስ የለም፣ ኩስ የለም ማለት ለሪፉ የሚሄድ የለም። አይጡ ዓሣ አልነካም፣ ግን የዓሣውን ጓዳ ቆለፈበት።

በላንካስተር ዩኒቨርሲቲው ኒኮላስ ግርሃም የተመራው ቡድን ያደረገው እንግዲህ 12 ደሴት መምረጥ ነው፣ 6ቱ አይጥ ያለባቸው 6ቱ የሌለባቸው። አይጥ በሌለበት የወፍ ጥግግቱ 760 እጥፍ፣ መሬቱ ላይ የሚወርደው ናይትሮጅን 251 እጥፍ ሆኖ ተገኘ። አጠገቡ ያለው ሪፍ ላይ የዓሣው ባዮማስ፣ ማለትም ጠቅላላ ክብደቱ፣ በ48% ይበልጣል። እኔ ግን ከዚህ ሁሉ የበለጠ የገረመኝ ሌላው ነው፣ አልጌ የሚግጡትና ድንጋዩን በጥርሳቸው የሚፍቁት እንደ ፓሮትፊሽ ያሉ ዓሣዎች የሚሰሩት ስራ ከ3 እጥፍ በላይ ይበልጣል። የሞተ ኮራል ላይ አልጌ ከለበሰበት አዲስ ኮራል መቀመጫ አያገኝም፣ ስለዚህ የነሱ መጋጥና መፋቅ ነው ሪፉን ለሚቀጥለው ኮራል የሚጠርግለት።

ጠያቂዋ_ቢ፦

ኧረ አመሰግናለሁ፣ አሁን ሰንሰለቱ ታየኝ። ናይትሮጅኑን ግን ያለፍከው መሰለኝ? የወፍ መሆኑን በምን ለዩ?

ጨው_ውሃ፦

አልዘለልኩትም እየጻፍኩት ነበር፣ ረዘመብኝና ለየሁት።

ናይትሮጅን ስም አልተጻፈበትም ላልሽው፣ ትንሽ ተጽፎበታል ባይ ነኝ። ሁለት ዓይነት አለ፣ ቀላሉ 14 እና ከባዱ 15። ተፈጥሮ ውስጥ ያለው በጣም የሚበዛው 14ቱ ነው፣ ከባዱ ከመቶ ግማሽ እንኳን አይሞላም። እንስሳ ሲበላ ሰውነቱ ቀላሉን ቶሎ ያስወጣና ከባዱን በዛ አድርጎ ያስቀራል። አልጌ የበላው ትንሽ ይከብዳል፣ እሱን የበላው ደግሞ ይብሳል፣ እንዲህ እያለ ደረጃ በደረጃ ይጨምራል። የባህር ወፍ ዓሣ በልቶ ዓሣውም ሌላ በልቶ ስለሆነ ከሰንሰለቱ ላይኛው ጫፍ አካባቢ ነው ያለው። ኩሱ መሬት ላይ ሲቀመጥ ደግሞ ቀላሉ በአሞንያ መልክ ተንኖ ይሄዳል፣ የሚቀረው የባሰ ከባድ ይሆናል።

ስለዚህ አፈሩን ለኩ፣ ስኬቮላ የምትባለዋን የባህር ዳር ቁጥቋጦ ለጋ ቅጠል ለኩ፣ ከዛ ወደ ውሃው ገብተው አልጌውን፣ ስፖንጁን፣ የዳምሰልፊሽ ጡንቻ። አይጥ በሌለበት ደሴት ሁሉም ላይ ከባዱ ናይትሮጅን ከፍ ይላል፣ አይጥ ያለበት ጋ ዝቅ። ያ ያልገባሽ የቁጥቋጦ ቅጠል ጥቅሙ ይሄ ነው፣ ኩሱ ከወፉ ወደ ዓሣው ሲሄድ መሀል ላይ ያለችው ምስክር እሷ ናት፣ ቅጠሏን ካወጣሻት መሬቱና ባህሩ ሁለት የተለያየ ታሪክ ሆነው ይቀራሉ።

ዳምሰልፊሿንም በደንብ እያት። የጣት ርዝመት ያላት፣ የራሷን ቁራሽ አልጌ ይዛ ሌላ ዓሣ ድርሽ እንዳይልባት የምታባርር ትንሽ ዓሣ ናት፣ ከቦታዋ አትርቅም፣ ለዚህ ጥናት የመረጧት ለዛ ነው። ዕድሜዋን የሚያውቁት ከጭንቅላቷ ውስጥ ኦቶሊት የምትባል የጆሮ አጥንት አውጥተው ነው፣ ሽንኩርት ላይ እንደምታይው ሽፋን በሽፋን እየሆነች ነው የምታድገው፣ በስሱ ተቆርጣ ማይክሮስኮፕ ስር ቀለበቷ ይቆጠራል። ዕድሜውን ከርዝመቱ ጋር ስታስተያይው አይጥ በሌለበት ሪፍ ያሉት በፍጥነት ነው ያደጉት።

ሰርዶ፦

ሁሉም አሪፍ ነው፣ ግን እኔ አንድ ነገር አልዋጥልህ አለኝ። ዘወትር የምንሰማው ማዳበሪያና ፍሳሽ ወደ ባህር ገብቶ ኮራል ገደለ ነው፣ አልጌ በዛ ሪፉ ታፈነ ነው። የወፍ ኩስስ ማዳበሪያ አይደለም እንዴ? ያኛው ገዳይ ይሄኛው መድኃኒት የሚሆንበት ምክንያት ምንድነው? ደግሞ 12 ደሴት አወዳደርን ማለት አይጥ ነው ምክንያቱ ማለት አይደለም፣ አይጥ ያለባቸው ደሴቶች ሰው የኖረባቸው ናቸው፣ ሰው ደግሞ ዓሣ ያጠምዳል፣ ዛፍ ይቆርጣል፣ ሌላም ሌላም።

ጨው_ውሃ፦

ሰርዶ ሁለቱም ነጥብህ ሚዛን ይደፋል።

ስለ ማዳበሪያው፣ አንዱ መጠኑና አመጣጡ ነው። ከእርሻና ከከተማ የሚመጣው ፍሳሽ ደለል ይዞ ይመጣል፣ ደለሉ ብርሃን ይጋርዳል ኮራሉን ይቀብረዋል፣ ጀርምና ኬሚካልም አብሮት አለ። ሁለተኛው ደግሞ የናይትሮጅንና የፎስፈረስ ሚዛን ነው። ኮራል ውስጥ የሚኖረው አልጌ ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ናይትሮጅን ብቻ በዝቶ ፎስፈረስ ሲያጥረው ይታመማል፣ ሙቀት ሲመጣም ኮራሉ ቶሎ ይነጣል፣ ይሄ በላብራቶሪም ታይቷል። የወፍ ኩስ ሁለቱንም አብሮ ይዞ ነው የሚመጣው፣ እነዚህ ሪፎች ደግሞ ከወፍ ጋር ብዙ ሺህ ዓመት የኖሩ ናቸው።

ስለ ሰው ያልከው፣ ትክክል ነህ ኮኮናት ተክለው የኖሩ ሰዎች ነበሩ። የቻጎስ ሕዝብ በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ መጀመሪያ በግድ ከደሴቶቹ እንዲወጣ ተደርጓል፣ ይሄንን ሳይጠቅሱ ሰው ያልነካው ንጹህ ሪፍ እያሉ የሚጽፉ ሲያጋጥሙኝ ያናድደኛል። ለጥናቱ ሲባል ግን የተወዳደሩት ደሴቶች ሁሉም ዛሬ ነዋሪ የሌለባቸውና አንድ አካባቢ ያሉ ናቸው፣ አንዱ ጋ ዓሣ እየተጠመደ ሌላው ጋ ቀርቶ አይደለም። ለዚህ ነው ቻጎስን የመረጡት።

ደግሞ ወፍ ሁሉን ነገር ያድናል ያለ የለም። በ2015 እና 2016 ያ ከባድ የባህር ሙቀት ሲመጣ ኮራሉ ወፍ ያለበትም የሌለበትም ጋ ሞቷል። ኩስ ሙቀት አያበርድም። ልዩነቱ ከዛ በኋላ ባለው ማገገም ላይ ነው የሚፈለገው።

ዛፍ_ቆጣሪ፦

ዓሣውን ለናንተ ትቼ ስለ ኮኮናቱ እኔ ልበል፣ ሙያዬ እጽዋት ነው፣ ኮኮናት ላይ ደግሞ ቂም አለኝ።

ኮኮናት ፍሬው ስለሚንሳፈፍ በራሱም ባህር ይሻገራል፣ እሱ አያከራክርም። ብዙዎቹ ደሴቶች ላይ ግን ዛሬ የምታይው ጥቅጥቅ ያለ የኮኮናት ጫካ ሰው ለዘይት ብሎ የተከለው ነው፣ የቆየውን ጫካ መንጥሮ። ቻጎስም ራሱ የዘይት ደሴቶች ይባል ነበር። ችግሩ ምን መሰለሽ፣ አብዛኛው የባህር ወፍ ኮኮናት ላይ መቀመጥ አይወድም። ቅርንጫፍ የለውም፣ ነፋስ ሲመታው አናቱ ይወዛወዛል፣ ጎጆ የምታሳርፊበት ቦታ የለውም። እንደ ፒሶኒያ ያሉት ነባር ዛፎች ግን ሰፋፊ ቅርንጫፍ አላቸው፣ ወፍ ይሞላባቸዋል።

ፓልሚራ የምትባል ፓስፊክ መሀል ያለች ደሴት ላይ ይሄንን ተከታትለውታል። ነባር ጫካ ያለበት ጠረፍ ወፍ አለ፣ አፈሩ ለም ነው፣ ከዛ የሚወርደው ውሃ ናይትሮጅን ይዞ ይገባል፣ ባህሩ ላይ ፕላንክተን ይበዛል፣ ፕላንክተን የሚበላው ማንታ ሬይ የሚባለው ክንፍ የመሰለ ትልቅ ዓሣ እዛ ጋ ነው የሚመላለሰው። ኮኮናት ያለበት ጠረፍ ላይ ይሄ ሁሉ ይቀንሳል። አስቢው እስቲ፣ መሬት ላይ የዛፍ ዓይነት ቀየርሽ፣ ባህር ውስጥ ማንታው አቅጣጫ ቀየረ። እዛው ፓልሚራ ላይ 2011 አይጡን አጠፉት፣ ከዛ በኋላ ቆጠራ ላይ ብዙም የማይገኘው የነባር ዛፎች ችግኝ መሬቱን ሞላው፣ ለካ አይጡ ዘሩንም ችግኙንም እየበላ ነበር። አንድ ማንም ያልጠበቀው ነገር ደግሞ ተከተለ፣ የእስያ ነብር ትንኝ የሚሏት ተናካሽ ትንኝ ከደሴቱ ጠፋች፣ ደሟን የምትመጠው ከአይጥ ነበር ማለት ነው። ኮኮናቱን እየቀነሱ ነባሩን ዛፍ የሚተክሉት እንግዲህ ወፉ የሚያርፍበት እንዲያገኝ ነው፣ ዛፍ ጠልተው አይደለም።

ፒሶኒያን ስላነሳሁ ሳልነግርሽ አላልፍም። ፍሬዋ እንደ ሙጫ ይጣበቃል፣ ወፉ ላባ ላይ ተለጥፎ ከደሴት ደሴት ይጓዛል፣ ግን አንዳንዴ ይበዛበትና ወፉ መብረር አቅቶት ይሞታል። አውስትራሊያ ታላቁ ሪፍ ላይ ሄሮን ደሴት ይሄ የተለመደ ነው። ድሮ ዛፏ ወፉን ገድላ ሬሳውን ለዘሯ ማዳበሪያ ታደርገዋለች የሚል ሀሳብ ነበር፣ ሲሸልስ ላይ ሲጠና ግን ዘሩ ከሬሳው ያን ያህል ጥቅም አያገኝም፣ ዘር የሚያደርስላት በሕይወት ያለው ወፍ ነው። የሞተው ኪሳራ ነው፣ ሂሳቡ ግን አሁንም ያዋጣታል።

ሰርዶ፦

የማንታው ጥሩ ነው እሺ። ግን እስካሁን ያላችሁት ሁሉ ወፍ ያለበትንና የሌለበትን ማወዳደር ነው። ወፍ ሲመጣ መሬቱ ሲለወጥ ከመጀመሪያው የታየበት ቦታ አለ?

ዛፍ_ቆጣሪ፦

አለ እንጂ፣ ሰርትሴይ። አይስላንድ ደቡብ ጠረፍ ላይ በኅዳር 1963 ከባህር ስር እሳተ ገሞራ ፈንድቶ የወጣች አዲስ ደሴት ናት፣ ፍንዳታው እስከ 1967 ቀጥሏል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ለተመራማሪ ብቻ ስለተከለለች ማን መቼ እንደገባ ተመዝግቧል፣ 2008 ላይም የዓለም ቅርስ ሆናለች። የመጀመሪያዋ አበባ ያላት ተክል 1965 ላይ አሸዋው ላይ ታየች፣ በባህር ተንሳፍፎ በመጣ ዘር። ከዛ በኋላ ለዓመታት ነገሩ ቀስ ያለ ነበር፣ ጨው የሚችሉ ጥቂት የባህር ዳር ተክሎች እዚህም እዚያም፣ ምክንያቱም አመዱና ድንጋዩ ናይትሮጅን የለውም። 1986 ላይ ገሉ የሚባለው የባህር ወፍ በመንጋ መፈልፈል ሲጀምር ነው ያ አካባቢ አረንጓዴ ሳር የሆነው፣ የተክል ዓይነቱም ከዛ ወዲህ ነው የበዛው። ወፉ ዘርም ኩስም ይዞ መጣ። እንግዲህ አይጥም የለ፣ ሰውም የለ፣ እርሻም የለ፣ ወፍ ብቻ ነው የተጨመረው።

እዛ ደሴት ላይ አንድ ጊዜ ቲማቲም በቅሎ ተገኝቶ ነበር፣ በባህር የመጣ እንዳይመስልህ፣ አንዱ ጎብኚ መጸዳጃ ሳይፈልግ ሜዳ ላይ የተጸዳዳው ነው፣ ነቅለው ጣሉት። ዛሬ እንደዚህ ያለ ደሴት ላይ ልትወርድ ስትል ጫማህ ተፈትሾ ነው፣ ካልሲህ ላይ የተሰካ ዘር፣ ቦርሳህ ኪስ ውስጥ ያለ ጭቃ፣ ሁሉም ይለቀማል።

የማንግሮቭ_ነገር፦

ዘግይቼ ገባሁ። ስለ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያላችሁት ደሴት ላይ ብቻ አይደለም፣ ጠረፍም ላይ ያው ነው። ቀይ ባህር ላይ ኤርትራ ውስጥ ምጽዋ አጠገብ ሕርጊጎ የሚባል ቦታ ጎርደን ሳቶ የሚባል የሴል ባዮሎጂስት የሰራውን እዩ። ማንግሮቭ፣ ባህር ዳር ጨው ውሃ ውስጥ የሚኖረው ዛፍ፣ እዛ ጠረፍ ላይ አንዳንድ ቦታ ብቻ ነበር የሚበቅለው፣ ሰው የሚያስበው ጨዋማ ያልሆነ ውሃ ስለሚፈልግ ነው ብሎ ነው። እሱ ግን የዝናብ ጎርፍ ወደ ባህር የሚገባበት ጋ መሆኑን አየና ጎርፉ የሚጠቅመው በውሃው ሳይሆን በሚያመጣው ማዕድን ነው አለ፣ የባህር ውሃ የማንግሮቭን ፍላጎት ሁሉ አለው ከናይትሮጅን፣ ከፎስፈረስና ከብረት በቀር። ከዛ በሚስማር የተበሳ ትንሽ የፕላስቲክ ከረጢት ውስጥ ማዳበሪያ እየጨመሩ ከችግኙ ስር ከቁራጭ ብረት ጋር ቀበሩት፣ ቀስ እያለ እንዲወጣ። በቀለ። ምንም ዛፍ ባልነበረበት ጠረፍ ላይ ማንግሮቩ ጫካ ሆነ፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ ሆነ። ዓሣና ሸርጣንም ስሩ መሀል ገብቶ መኖር ጀመረ።

ጠያቂዋ_ቢ፦

እናንተ ሰዎች እግዜር ይስጣችሁ፣ ሴሚናሩ ራሱ ተሰራ እኮ። አንድ የመጨረሻ፣ አይጡ ከጠፋ በኋላ በስንት ጊዜ ነው የሚመለሰው? ወፉ ዝም ብሎ ይመጣል?

ጨው_ውሃ፦

እንደ ወፉ ዓይነት ነው። ህንድ ውቅያኖስ ውስጥ ትሮሜሊን የምትባል ትንሽ ደሴት ላይ አይጡ የጠፋው 2005 ነው፣ ከዛ በኋላ እዛ መፈልፈል ትተው የነበሩ ወፎች ተመልሰዋል። እሷንና መሰሎቿን ያጠኑት ሰዎች በ16 ዓመት ውስጥ የወፉ ናይትሮጅን ከአፈር አልፎ ባህሩ ውስጥ ባለው ነገር ላይ ሳይቀር እየተመለሰ መሆኑን አይተዋል። ከደሴቱ የጠፋበት 200 ዓመት ከሆነ 16 ብዙ አይደለም።

ግን ሁሌም በራሱ አይመጣም፣ ምክንያቱም እነዚህ ወፎች ብዙዎቹ ተወልደው ያደጉበት ቦታ ነው የሚመለሱት፣ ሌላ ወፍ ያላዩበት ባዶ ደሴት ላይ ማረፍም ይፈራሉ። ስለዚህ ያታልሏቸዋል። አሜሪካ ሜይን ጠረፍ ላይ ኢስተርን ኤግ ሮክ የምትባል ደሴት ፓፊን የሚባለው ወፍ በአደን ጠፍቶባት ነበር፣ ስቲቨን ክሬስ የሚባል ሰው ከ1973 ጀምሮ ጫጩቶች ከኒውፋውንድላንድ እያመጣ ሰው ሰራሽ ጉድጓድ ውስጥ አሳደገ፣ ኋላም የእንጨት ፓፊን ቀርጾ ቋጥኙ ላይ ደረደረ፣ ወፍ ያለ እንዲመስላቸው። እስኪፈለፍሉ 1981 ድረስ ጠበቀ። አሁን ብዙ ቦታ የወፍ ድምፅ በስፒከር ይለቃሉ፣ ሌሊቱን ሙሉ ሰው በሌለበት ደሴት ላይ የመንጋ ጫጫታ።

ዛፍ_ቆጣሪ፦

ዛፍ ደግሞ አስገቡበት እንጂ፣ ለዛፍ ላይ ወፎች የእንጨት ወፍና ስፒከር ብቻ አይበቃም፣ የሚያርፍበት ቅርንጫፍ ከሌለ ተጣርቶ ይሄዳል። ችግኝ ደግሞ ወፍ የሚችል ቅርንጫፍ እስኪያወጣ ጊዜ ይፈልጋል፣ በዚህ መሀል ኮኮናቱ ቀድሞ እንዳይወርሰው መንቀል አለ። ሰው አይጥ ገደልን ብሎ ፎቶ ይነሳና ይሄዳል፣ ከዛ በኋላ ያለው አድካሚ ስራ ላይ ገንዘብ የሚያወጣ ጥቂት ነው።

ሰርዶ፦

ቢ ለሴሚናርሽ አንድ ነገር ልጨምር። ስላይድሽ ላይ 760 የወፍ ጥግግት ነው፣ 251 መሬት ላይ የሚወርደው ናይትሮጅን ነው፣ 48% ደግሞ የዓሣው ባዮማስ ነው፣ ቁጥሩ አይደለም። ያንን 251 ሪፉ ላይ የደረሰ አድርገሽ እንዳታቀርቢው፣ ከመሬቱ እስከ ሪፉ ብዙው መንገድ ላይ ይቀራል፣ ለዛ ነው ወፉ በመቶዎች እጥፍ በዝቶ ዓሣው በግማሽ ያህል ብቻ የጨመረው። ጠያቂ አስተማሪ ካለ እዛች ላይ ነው የሚይዝሽ።

ጠያቂዋ_ቢ፦

አለ፣ ያውም ፊት ወንበር ላይ ነው የሚቀመጠው። ባዮማስ ብዬ በትልቁ እጽፈዋለሁ፣ ኦቶሊቷንም ፎቶዋን ፈልጌ አስገባለሁ።